የበለዘ ጥርስ በምን ይለካል? ከዎንጂ ጉድጓድ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጥርስ ነው፤ ሆኖም ስለ ጥርስ ሕክምና አይደለም። የታሪክ ጥያቄ ነው ይዤ የመጣሁት። የሰው ልጅ የጥርስን መልክ፣ ከዚያም ያ መልክ በኑሮው ላይ የሚያሳድረውን ጫና፣ በቁጥር መለካት የጀመረው መቼ ነው? በማን ዓይን ነው የለካው? ያ መለኪያ ወደ እኛ አገር ሲመጣ የሚያየው ምንድን ነው፤ ሳያየው የሚያልፈውስ?

ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጤና ሥራ ውስጥ ያልተለካ ጉዳት በጀት አይያዝለትም። ጥርሱ ስለ በለዘ ሳቁን የሚያፍን ወጣት ጉዳቱ የትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ካልሰፈረ፣ በመንግሥት ዘንድ እንዳልተጎዳ ይቆጠራል። ስለዚህ ስለ መለኪያ መነጋገር ማን ይታያል፣ ማንስ ይረሳል ብሎ መነጋገር ነው።

፩. ለምን በገላን?

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ከተማችን ከዚያ በፊት የማታውቀውን የጉርብትና ዓይነት ፈጠረ። ቀድሞ ጎረቤትን የሚያገናኘው ዘመድነት፣ የሥራ ቦታ ወይም የትውልድ መንደር ነበር። በኮንዶሚኒየም ግን ጎረቤትን የሚያገናኘው ዕጣ ነው። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተሰቦች ከተለያየ አገር መጥተው፣ የተለያየ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ናቸው።

ውሃ ያልሁት በምክንያት ነው። ገላን የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ ይደርሳል፤ ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ዎንጂ ይገኛል። ይህ መንገድ ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚያወርድ መንገድ ነው። ደጋውን ለቅቀን ወደ ሸለቆው በወረድን ቁጥር ከእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ የሚይዘው የፍሎራይድ መጠን ባመዛኙ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊግራም በላይ ተለክቷል።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን ጥርስ ገና በመንጋጋ ውስጥ በሚሠራበት የሕፃንነት ዘመን ኢናሜሉን፣ ማለትም ጠንካራውን የጥርስ ልባስ፣ ያዛባዋል። ሲናገሩና ሲስቁ የሚታዩት የላይኛው ፊት ቋሚ ጥርሶች ልባስ በአብዛኛው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ነው። ስለዚህ በሕፃንነቱ ያንን ውሃ የጠጣ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ሃያ ዓመት ቢኖር ጥርሱ አይለወጥም። በአንጻሩ ዐዋቂ ሆኖ ወደ ሸለቆው የወረደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። የበለዘ ጥርስ፣ ሰው ባይናገር እንኳ፣ በልጅነቱ የት እንደ ጠጣ ይናገራል።

፪. ጥርስ በአማርኛ

ወደ መለኪያዎቹ ከመግባታችን በፊት ቋንቋችን ጥርስን እንዴት እንደሚያይ እንመልከት፤ መለኪያ ሁሉ ከቃል ይጀምራልና።

አማርኛ የጥርስን ውበት ሲያወድስ «ሐጫ በረዶ» ይላል። የሚያወድሰው ግን ንጣትን ብቻ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ የጠቆረው ድድ የጥርሱን ንጣት እንዲያጎላው ነው። በፊት ጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት ፍንጭት ይባላል፤ «ፍንጭት ናት» የሚባለው በአድናቆት ነው። በአንድ ወቅት የወርቅ ጥርስ ማስተከል የመታየት ምልክት ነበር። የወይራና የክትክታ መፋቂያ ደግሞ የዕለት ተዕለት ጽዳት ብቻ ሳይሆን የጨዋ ሰው መታወቂያም ነው።

በሌላ በኩል ጥርስ የውስጥን ሐሳብ መደበቂያም ነው። «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ሊስቅ ይችላልና። ቂም የተያዘበት ሰው «ጥርስ ውስጥ ገባ» ይባላል፤ መከራን የሚችል ሰው ደግሞ «ጥርሱን ነክሶ» ያልፋል። ስለዚህ ጥርስ በባህላችን የአካል ክፍል ብቻ አይደለም፤ በሰውና በሰው መካከል የቆመ በር ነው። የዚህን በር መጉደል ለመለካት የሚነሣ ሰው በሩን ብቻ ሳይሆን በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ግንኙነትም መመልከት አለበት።

፫. የመጀመሪያው መለኪያ፦ የመርማሪው ዓይን

የዘመናዊው ልኬት ታሪክ ከስደተኞች ጋር ይጀምራል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1901 ኢገር የተባለ የአሜሪካ የጤና ሹም በጣሊያን ኔፕልስ ወደብ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ተጓዦችን ሲመረምር፣ ከአንድ አካባቢ የመጡት ጥርሳቸው የጠቆረ መሆኑን አስተዋለና ጻፈ። በዚያው ዓመት ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ጀምሮ የአገሬው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ ፍለጋ ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው።

ከዚያ በኋላ ትሬንድሊ ዲን የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1934 የብልዘት ደረጃዎችን አወጣ፤ በ1942 አሻሻላቸው። ከጤነኛ ተነሥቶ እስከ ከባድ የሚደርስ፣ በቁጥር ከዜሮ እስከ አራት የሚሰጥ መለኪያ ነው። ልብ በሉ፤ ዲን መካከለኛ ያለውን ደረጃ ሲገልጽ ቡናማው ቀለም ብዙ ጊዜ መልክ የሚያበላሽ መሆኑን ጽፏል። «መልክ የሚያበላሽ» የሚለው ፍርድ በመለኪያው ውስጥ ከመጀመሪያው ተቀምጧል ማለት ነው። ያ ፍርድ ግን የመርማሪው ነው። የጥርሱ ባለቤት ምን እንደሚሰማው የሚሰፍርበት ቦታ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ቲልስትሩፕና ፌየርስኮቭ የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የሚደርስ የረቀቀ መለኪያ አቀረቡ። ይህ መለኪያ የተሠራው በታንዛንያ ልጆች ጥርስ ላይ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት መስፈሪያ ከእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ ከደቡባዊው ክንፉ፣ ከወጡ ጥርሶች ተቀድቷል። ጥርሱ ከአፍሪካ፣ ቁጥሩ ከአውሮፓ ነው፤ የልጆቹ ቃል ግን በመለኪያው ውስጥ አልገባም።

፬. ዎንጂ

የአገራችን ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በስኳር በኩል ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የዎንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ። ለአገዳው ሥራ ከከምባታ፣ ከሐድያና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሠራተኞች መጡ። ካምፖች ተሠሩ፤ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከወንዝ ውሃ ይልቅ የጉድጓድ ውሃ ንጹሕ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ከተስቦና ከተቅማጥ አንጻር እምነቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ያ የጠራ ውሃ ዓይን የማያየውን ፍሎራይድ ይዞ ነበር። ለሥራ የመጡት ወላጆች ጥርስ ደህና ሆኖ ሳለ በካምፑ የተወለዱት ልጆቻቸው ጥርስ በለዘ። በአንድ ቤት ውስጥ የእናት ጥርስ ነጭ፣ የልጅ ጥርስ ቡናማ ሆነ።

በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ጥናት ከልደታቸው ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት የተመረመሩ ልጆች መካከል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ መጎዳቱን አሳየ፤ ከእነዚህም አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ጉዳታቸው ከባድ ነበር። ይኸው የምርምር ዘርፍ ፍሎራይድ በረዥም ዘመን አጥንትን ጭምር እንደሚጎዳ፣ ወገብና አንገትን እንደሚያደርቅ አሳይቷል። የአጥንቱ ጉዳት ሰውን ከሥራ የሚያውል በመሆኑ ትኩረት መሳቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን የጥርሱ ጉዳት ከአጥንቱ አጠገብ ሲቆም «የመልክ ጉዳይ ብቻ» ተብሎ ወደ ጎን ይገፋል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1990ዎቹ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን አንድ አዲስ ነገር ታየ። አንድ ተመራማሪና የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው በዎንጂ ሸዋ ልጆች ላይ ካደረጓቸው ጥናቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው፣ ልጆቹም እናቶቻቸውም ብልዘቱን እንዴት እንደሚያዩት የጠየቀ ነበር። ጥርሱን መመርመር አልቀረም፤ የጥርሱ ባለቤትና የባለቤቱ እናት ግን አብረው ተጠየቁ። ለእኔ ይህ በአገራችን የጥርስ ጤና ታሪክ ውስጥ ትልቅ እርምጃ ነው።

፭. ከጥርስ ወደ ኑሮ

ይህ እርምጃ የመጣው ከባዶ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 በጸናው መተዳደሪያው ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ብሎ ነበር። የጥርስ ሕክምና ግን ለብዙ ዘመን የተቦረቦረውን፣ የተነቀለውንና የተሞላውን ጥርስ ሲቆጥር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮኸንና ጃጎ የጥርስ ጤናን ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር የሚያያይዙ መለኪያዎች እንዲሠሩ ጥሪ አቀረቡ። በ1988 ዴቪድ ሎከር ጉዳት ከአፍ ተነሥቶ ወደ ሕመም፣ ወደ መቸገር፣ በመጨረሻም ከሰው ወደ መገለል እንዴት እንደሚሸጋገር የሚያሳይ ንድፈ ሐሳብ አወጣ።

ከዚያ በኋላ መጠይቆች በዙ። ከሁሉ የታወቀው ስሌድና ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1994 በአውስትራሊያ ያወጡት የአፍ ጤና ጫና መጠይቅ ነው። አሠራሩ ሊታወስ ይገባዋል። በመጀመሪያ 64 ሕሙማንን አነጋግረው ከአንደበታቸው 535 ዐረፍተ ነገሮችን ሰበሰቡ፤ ከእነዚያ 49ኙን መርጠው መጠይቅ አደረጓቸው፤ በ1997 ደግሞ ወደ 14 አሳጠሯቸው። ከዚያው ዘመን የሆነ ሌላ መለኪያ ስምንት የዕለት ተዕለት ተግባራትን ይጠይቃል፦ መብላት፣ መናገር፣ ጥርስን ማጽዳት፣ መተኛትና ማረፍ፣ ሳያፍሩ መሳቅ፣ ስሜትን መቆጣጠር፣ ሥራን መሥራትና ከሰው ጋር መገናኘት። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በጀርመን ተመራማሪዎች ስለ ጥርስ መልክ ብቻ የሚጠይቅ ባለ 23 ጥያቄ መጠይቅ ወጣ፤ በጥርስ መተማመንን፣ ማኅበራዊ ጫናን፣ ሥነ ልቦናዊ ጫናንና የመልክ ሥጋትን ለየብቻ ይመዝናል።

በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ጥያቄው ተገላብጧል። ቀድሞ መርማሪው «ጥርስህ ምን ይመስላል?» ብሎ ለራሱ ይመልስ ነበር። ዛሬ «ጥርስህ ምን አሳጣህ?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። መልካም ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የሚጠየቀው በማን ቃል ነው?

፮. ፍንጭት ስንት ነጥብ ነው?

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ውበት መለኪያ የሚባል ቀመር ወጣ። በአሜሪካ ሕዝብ ዕይታ ላይ ተመሥርቶ የተቀመረ ሲሆን፣ አሥር ነገሮች ተለክተው በተወሰነ ቁጥር እየተባዙ ይደመራሉ፤ ድምሩ በጨመረ መጠን ጥርሱ «ያስጠላል» ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1997 የጥናት መመሪያው ውስጥ አስገባው።

በዚህ ቀመር በፊት ጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር በሦስት ይባዛል። የጎደለ የሚታይ ጥርስ ደግሞ እያንዳንዱ በስድስት። እንግዲህ አስሉት፦ የሁለት ሚሊ ሜትር ፍንጭት ስድስት ነጥብ ነው፤ አንድ ጥርስ ከመጉደል ጋር እኩል። የአማርኛ ተናጋሪ በአድናቆት የሚያነሣው ፍንጭት በአዮዋ ሒሳብ ጉድለት ሆኖ ይመዘገባል። በኦሞ ሸለቆ ደግሞ የከንፈር ገበታ የምታደርግ የሙርሲ ሴት የታችኛው የፊት ጥርሶቿ ስለሚወልቁ፣ በዚያው ቀመር በብዙ ነጥብ ትወድቃለች።

ይህን የማነሣው ቀመሩን ለመንቀፍ አይደለም። ሠሪዎቹ የራሳቸውን ሕዝብ ዕይታ በታማኝነት ለክተዋል። ስሕተቱ የሚመጣው የአንድ ሕዝብ ዕይታ የሰው ሁሉ ዕይታ ተደርጎ ሲጓዝ ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ያላመመውን ሕመምተኛ ያደርጋል፤ ለብሬስና ለማንጫ ሻጭ ገበያ ይከፍታል።

፯. አፍን በነጠላ መሸፈን

ተቃራኒውም አደጋ አለ፦ ያመመውን ጤነኛ አድርጎ መቁጠር።

በመጠይቆቹ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ሰው ሲስቅ ጥርሱን ለመሸፈን መሞከሩ ነው። ይህ በጀርመን የዕፍረት ምልክት ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ስትስቅ አፏን በእጇ ወይም በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ጥርሷ ሐጫ በረዶ ቢሆንም ትሸፍናለች፤ ጨዋነት ነውና። ስለዚህ ጥያቄው ቃል በቃል ተተርጉሞ ቢቀርብ የሚለካው ብልዘትን ሳይሆን አስተዳደግን ይሆናል።

«አፍረህ ታውቃለህ?» የሚለውም እንዲሁ ነው። አማርኛ ለዚህ ስሜት ብዙ ቃል አለው። ማፈር አለ፤ መሸማቀቅ አለ፤ መሳቀቅ አለ፤ ይሉኝታ አለ። ማፈር ስለ ሠሩት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መሸማቀቅ ግን ሰው ፊት ማነስ ነው። ጥርሱ የበለዘ ሰው ያጠፋው ጥፋት የለምና «አላፈርሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ «ተሸማቅቀህ ታውቃለህ?» ቢባል ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ተመስገን» ብሎ መመለስ የለመደ ሕዝብ ችግሩን ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ወደ ዜሮ ማዘንበሉ አይቀርም። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ቁጥሩ ግን ያታልላል።

ስምንቱን የዕለት ተግባራትም ተመልከቱ። መብላት የሚለው ማኘክን ይጠይቃል። እኛ ግን አብረን ከአንድ ገበታ እንበላለን፤ እንጎራረሳለን። ጉርሻ የሚቀበል ሰው ሌላው ፊት አፉን መክፈት አለበት። ማኘክ የማይቸገር፣ ጉርሻ ሲመጣ ግን ፊቱን ዘወር የሚያደርግ ሰው በዚያ መጠይቅ አይገኝም። ቡና ጠርታ የማትወጣ፣ በሰርግ እልል የማትል፣ ፎቶ ሲነሡ ከኋላ የምትቆም፣ በእድር ስብሰባ ሐሳብ እያላት ዝም የምትል እኅትም አትገኝም። የእኛ የኑሮ ጥራት ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። የኮንዶሚኒየም የጋራ ሕንፃ ለድግስና ለለቅሶ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

፰. ያው ጥርስ፣ ሌላ ኑሮ

አሁን ወደ ገላን ልመለስ። በዎንጂ ካምፕ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ጥርሳቸው የበለዘ ልጅና ያው ልጅ አድጎ እዚህ ቤት ደርሶት ጎረቤቶቹ ነጭ ጥርስ ያላቸው ጎልማሳ አንድ ሰው ናቸው። የቲልስትሩፕና የፌየርስኮቭ ቁጥር በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ኑሮው ግን አንድ አይደለም። እዚያ ብልዘቱ የአገር መልክ ነበር፤ እዚህ የግለሰብ ነውር ይመስላል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው «አይፋቅም እንዴ?» ይላል። በውሃ የመጣው ጉዳት የንጽሕና ጉድለት ተደርጎ ይፈረድበታል፤ የትኛውም የወይራ መፋቂያ ግን አያስለቅቀውም።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ የጥርስ መልክ በኑሮ ላይ የሚያደርሰው ጫና በጥርሱ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በጥርሱና በጎረቤቱ ዓይን መካከል የሚገኝ ነው። ስለዚህ በትውልድ ቦታ ብቻ የሚደረግ ጥናት ጫናውን ሊያሳንሰው ይችላል፤ ሰዎቹ ተሰድደው የሚኖሩበትም ቦታ መጠናት አለበት። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች በዕጣ የሚገናኙበት እንደ ገላን ያለ ሰፈር ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው።

ቀደም ሲል «ብቻ» የምትለዋን ቃል እንድትይዙልኝ ጠይቄ ነበር። ፍሎራይድን ከውሃ ማውጣት በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ወይም በአጥንት ከሰል ማጣሪያ ተሞክሯል፤ ከሩቅ ደህና ውሃ መሳብም ሌላ መንገድ ነው። ሁሉም ወጪ አላቸው። የወጪውና የጥቅሙ ሒሳብ ሲሠራ በጥቅሙ በኩል አጥንት ብቻ ከተጻፈ ሚዛኑ አንድ እጁን አጥቷል። «የመልክ ጉዳይ ብቻ» የተባለው ነገር ሥራ ፍለጋ የሄደችን ወጣት ቃለ መጠይቅ፣ የተማሪን እጅ ማውጣት፣ የሙሽራን ሳቅ የሚነካ ከሆነ በሚዛኑ ላይ መቀመጥ ይገባዋል።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን የምተወው ሥራ ከትርጉም በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። የአውስትራሊያዎቹን ጥያቄዎች ሳይሆን የአውስትራሊያዎቹን አሠራር ውሰዱ፦ መጀመሪያ ሰዎቹን አነጋግሩ፤ ከአንደበታቸው የወጣውን ሰብስቡ፤ ከዚያ ምረጡ። መሸማቀቅንና ማፈርን ለዩ። ጉርሻን፣ ቡናን፣ እድርን ጠይቁ። ባለፉት 12 ወራት የሚለውን «ካለፈው እንቁጣጣሽ ወዲህ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ ሰው ያስታውሳል። ፍንጭትን ግን ከጉድለት መዝገብ አውጡልን።

ለነዋሪዎቻችን የምለው ደግሞ አጭር ነው። ጥርሱ የበለዘ ጎረቤት ስታዩ ያያችሁት የውሃን ታሪክ ነው። ያንን ማወቅ ወጪ የለውም፤ ከጫናው ግን አንዱን ክፍል ዛሬውኑ ሊያቀልለው ይችላል፤ ጫናው በዓይናችን ውስጥም አለና።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።